የአንቱ ጠበቃ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የአገሬ ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ኤርፖርት ነኝ» ብዬ መገላገል ለምዶብኛል። እውነትም ኤርፖርት ነኝ፤ የመንገደኛው ቦርሳ በማሽን ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ አያለሁ፣ ውኃውን ያልደፋውን መልሼ አስደፋለሁ። ይኼን ስል ሁሉም ሰው ይገባዋል። «የቲያትር ሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ነኝ» ያልኩ ቀን ግን ጣጣ ነው። አንዱ «የት ፊልም ላይ ነበር ያየሁሽ?» ይለኛል። ሌላዋ ለልጇ ክርስትና መድረክ እንድመራላት ትለምነኛለች። ሌላው ደግሞ ሚስቱን በዓይኑ እየጠቆመ «ቲያትርስ እኛ ቤት አለልሽ» ብሎ ይስቃል። «ቲያትር አትሥሪብኝ» ማለት «አትዋሺኝ» ማለት ከሆነ ቆይቷል። ዕድሜዬን የሰጠሁት ሙያ ስሙ ለውሸት ተሰጥቶ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ለምጄዋለሁ ብል እውነትም ቲያትር ሠራሁባችሁ ማለት ነው።

የሚብሰው ደግሞ «ቲያትር ውስጥ ምኑን ነው የምታጠኚው?» ብለው ሲቀጥሉ ነው። የእኔ ጥናት በአማርኛ ተውኔቶች ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ በምን እንደሚጠራሩ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ማን ማንን አንቱ ይላል፣ መቼ ይተወዋል፣ ሲተወው መድረኩ ላይ ምን ይፈርሳል። እዚህ ከተማ የሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለሥራ አመልክቼ «በጣም ኢንተረስቲንግ ነው፣ ግን ትንሽ ኒሽ ነው» አሉኝ። ጠባብ ነው ማለታቸው ነው። አንድ ሙሉ ሕዝብ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ የሚጀምርበት ቃል ጠባብ ሆነ። እነሱስ ፈረንጆች ናቸው፣ ቋንቋቸው ሁሉንም ሰው በ«ዩ» ሲጨርስ የኖረ ነው፤ ከቶ አልፈርድባቸውም። የአገሬ ሰው ግን ምን ይባላል? «ለአንተና ለአንቱ ዶክትሬት ሰጡሽ?» ያለኝ ሰው አለ፤ በገዛ ሳሎኑ፣ ምግቡን አቅርቦልኝ። ምግቡን ባልጀምረው ኖሮ የምመልስለትን አውቅ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከአንድ አጭር ተውኔት ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ያየሁት ነው። አንድ ትልቅ ሹመት ያለው ሰው አለ፤ ሚስቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንቱ ትለዋለች። «አንቱ ገቡ? አንቱ ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል።» በመጨረሻው ትዕይንት ሰውየው ከሹመቱ ተነስቶ ይመጣል። የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላል፤ መግባት ይፈራል። ሚስቱ ትወጣለች፣ ቆማ ታየዋለች፣ ከዚያ «አንተ፣ ግባ» ትለዋለች። መጋረጃው ይዘጋል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ያን ምሽት ተዋናይዋ ያቺን «አንተ» እንደ ምራቅ ተፋቻት። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ወይ ጉድ» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ምን ልሠራ እንደተፈጠርኩ ያን ቀን አወቅኩ። ሹመቱ ሲወልቅ ተውላጠ ስሙም አብሮ ወለቀ፤ ለካ ሲከበር የኖረው ወንበሩ እንጂ ሰውየው አይደለም፤ ሚስቲቱም ይኼንኑ ፊት ለፊት ነገረችው ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩበት፣ ተሟገትኩበት፣ ተመረቅኩበት፣ ኋላም ለስንት ተማሪ አስተማርኩበት።

ደራሲውንም አንድ ጊዜ አግኝቻቸው ጠይቄያቸዋለሁ። ኮሪደር ላይ ነው፣ ደብተሬን ይዤ። «ሚስትየዋ አንተ የምትለው ንቃው ነው አይደል?» አልኳቸው። ሳቁ። «ተማሪዋ አንቺ፤ አንቺው ንገሪኝ እንጂ» አሉኝና ሄዱ። እኔ እሺታ ነው ብዬ ወሰድኩት። ተውኔቱ ከጥቂት ምሽቶች በኋላ ከመድረክ ወረደ። የሹም መውረድ በአደባባይ እንዲታይ ያልፈለገ ሰው ነበር መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገረን የለም። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ።

እንግዲህ የእኚህ ደራሲ ባለቤት እዚሁ ካልጋሪ፣ ስካይቪው ራንች በሚባለው ሰፈር፣ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ያወቅኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ብርዱ ስናወራ የባላቸውን ስም ጠሩ። ዳቦዬን አስቀመጥኩ። ያን ተውኔት በልቤ እንደማውቀው፣ ቅጂውም ቤቴ እንዳለ ነገርኳቸው።

«እኔ እኮ አላየሁትም» አሉኝ። «አራስ ነበርኩ። ከአራስ ቤት ስወጣ ወርዷል አሉኝ። አገር ያየውን እኔ ብቻ ቀረብኝ።»

«እሳቸው ሲጽፉትስ እርስዎ አላነበቡትም እትዬ?»

«አትንኪው አሉኝ። አታንብቢው፣ ቁጭ ብለሽ ትሰሚዋለሽ አሉኝ።» የቀኝ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «አሁን ደግሞ ዓይኔም እየሄደ ነው።»

እዚያው ቃል ገባሁላቸው። ተውኔቱን እዚህ ከተማ መድረክ ላይ አወጣዋለሁ፣ እርስዎም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል እሳቸው እንደጻፉት አልኳቸው። መጨረሻውን እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ እምቢ አልኩ። ዓይናቸው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ ሐኪሞቹም አያውቁትም፣ ጤናቸውም የሚያስተማምን አልነበረም። ሌላ ዕድል እንደማይመጣ ሁለታችንም ገብቶናል።

የኮሚኒቲው ሊቀመንበር ሊያነጋግረኝ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ከፋሲካ በኋላ የሚደረግ የባህል ቀን አላቸው። «ዶክተር፣ ዘንድሮ ከእስክስታ ሌላ ሰምቲንግ ዲፍረንት እንፈልጋለን፤ አጭር ድራማ ቢኖረን» አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። በአርባዎቹ ውስጥ ነው፣ ጥሩ ሥራ አለው፣ ቅዳሜና እሑዱን ለሰው ሲሮጥ ይውላል። እግዜር የላከልኝ መስሎኝ ተውኔቱን ሰጠሁት። እሱ ደግሞ ተዋንያኑን ሰጠኝ።

ለባልየው የመጡት አንድ ኤርትራዊ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። አስመራ በልጅነታቸው በአማርኛ ነው የተማሩት። «እኛ አንቱን በአርጩሜ ነው የተማርነው። የተሳሳተ መዳፉን ይዘረጋል» አሉኝ። ደስ ብሏቸው እንዳልተማሩት ገብቶኛል፤ አማርኛቸው ግን እንደ መጽሐፍ ነው። ለሚስትየዋ የተመረጠችው እዚሁ ተወልዳ ያደገች የነርሲንግ ተማሪ ናት። ሳድል ሪጅ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ምድር ቤት ለመጀመሪያው ልምምድ ስትመጣ ጫማዋን እያወለቀች «እትዬ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ልቤ እዚያው ደረጃው ላይ ተሰበረ።

ጽሑፉን ስልኳ ላይ በላቲን ፊደል ገልብጣዋለች። ጀመረች።

«አንቱ ምሳ በላህ?»

«በሉ» አልኳት።

«ማን በሉ?»

«አንቱ በሉ።»

ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ዌት። በሉ እኮ ብዙ ሰው ነው። ባሏ ዋን ፐርሰን አይደለም እንዴ?»

«አንድ ነው። ስለሚከበር ነው ብዙ የሚሆነው።»

አሰበች፣ አሰበችና ፊቷ በራ። «ኦ ኦኬ። ሶ ፕሮናውኑ ዘይ ነው።» እዚህ አገር ወንድም ሴትም መባል ያልፈለገን አንድ ሰው «ዘይ»፣ እነሱ፣ ይሉታል።

ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ አልሳቅኩም። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር፤ እንዲያውም አሁን ሳስበው ከብዙ ተማሪዎቼ ፈጥና ነው የገባት። ያን ቀን ግን የሚታየኝ የደራሲው ባለቤት ዓይን ነው።

ሊቀመንበሩ ጥግ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነበር። «እንዲያውም ለምን ሁሉንም አንተ አናደርገውም?» አለ። «ሲምፕል ይሆናል። ወጣቱ ይገባዋል፣ ጀንደር ኢኳሊቲም አለበት። ደግሞ ትራንስሌሽኑን ስክሪን ላይ ስለምናወጣው እንግሊዝኛው ያው ዩ ነው።»

«ሁሉንም አንተ ካደረግከው መጨረሻ ላይ ምን ልትለው ነው?»

«አንተ ትለዋለቻ።»

«ከዚያስ ምን ተለወጠ?»

«ምን ይለወጣል ተብሎ ነው?» አለ፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ይኼ ነው የሚያበግነኝ። ተንኮል ቢኖርበት እኮ እታገለው ነበር። ሰው አንድን ቤት አፍርሶ፣ ግድግዳውን ሁሉ አንስቶ፣ «በሩ አለ አይደል፣ ምን ጎደለ?» ሲልህ ምን ትለዋለህ? ያቺ «አንተ» ዋጋ የምታገኘው ከፊቷ በተደረደሩት አንቱዎች ነው። እነሱን ካነሳህ ሴትየዋ ባሏን ግባ አለችው፣ ባሏም ገባ። ለዚህ ማን ነው ከቤቱ በበረዶ የሚወጣው?

«ዶክተር፣ እርስዎ አይቆጡ እንጂ» አለኝ።

«ለምንድን ነው እርስዎ የምትለኝ?»

«እ?»

«ሲምፕል አድርገው። አንቺ በለኝ። ልጅቷም ይገባታል፣ ኢኳሊቲም አለበት።»

ቀላ። ጋሼን አየ፣ ልጅቷን አየ። «ኧረ ነውር ነው» አለ በዝግታ።

«እንግዲያው ሚስትየዋም ነውር ታውቃለች» አልኩት። ስክሪኑ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ስክሪኑ የእናንተ ነው፤ መድረክ ላይ ከአፍ የሚወጣው ግን እንደተጻፈው ይሆናል፤ አይ ካላችሁ ተውኔቱን ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። ልጅቷን ለብቻዋ እንዳስተምራት ተስማማን። ሊቀመንበሩ ሲወጣ በሩን በጣም በቀስታ ዘጋው፤ እሱም አናደደኝ።

ዐቢይ ጾምን ሙሉ እንዲህ ገፋነው። የቀን ሺፍቴን ጨርሼ ስመለስ ልጅቷ መኪናዋን ደጄ ፓርክ አድርጋ ትጠብቀኛለች። እርስዎና አንቱ አንድ እንዳልሆኑ ነገርኳት። እርስዎ የቢሮ ነው፣ ለማታውቂው ሰው ይሆናል፤ አንቱ የቤት ነው፣ ከምትፈሪውና ከምትሳሺለት ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስትኖሪ የሚባል ነው። ግሶቹን አንድ በአንድ አስረገጥኳት። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ይውሰዱ፣ ደከሙ። ለመልመድ ብላ ያገኘችውን ሁሉ አንቱ ማለት ጀመረች። ውሻዋን «አንቱ ይውጡ» ትለዋለች። ሳድልታውን ጣቢያ ቆማ የከተማው ባቡር፣ ሲ-ትሬኑ፣ ሲመጣ «አንቱ ዘገዩ» ብላ አጠገቧ ያለውን ሰው እንዳሳቀች ነገረችኝ። እናቷ ደውላ «ልጄን ምን አደረግሽብኝ? አባቷን አንቱ ብላ አስደነገጠችው» አለችኝ። ሰው ልጄ ቋንቋዋን ተማረች ብሎ ደስ ሲለው የሚያማርር መስሎ እንደሚያወራ አውቃለሁ፤ ግን እንዲያ ቀጥ ብሎ ማመስገን ምን ነበረበት?

አንቱው ሲገባላት መጨረሻዋን ቃል ጀመርን። እሷ ላይ ጨከንኩ። «ትፊው» አልኳት። «ሹመቱ አልቋል። አሁን ማንም አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት አንቱ ስትዪው የኖርሽው ለወንበሩ ነበር። ናቂው።»

«ግን ለምን ትንቀዋለች?» አለችኝ። «ቤቱ አይደል? ግባ እያለችው እኮ ነው።»

«ትእዛዝ ነው። ውሻ ግባ እንደሚባለው ነው።»

«ውሻዬን እንደዛ አልለውም እኮ።»

«በዚህ ነገር ላይ ዶክትሬት ጽፌያለሁ» አልኳት። ከዚህ በኋላ አልተከራከረችኝም። ከብዙ ልምምድ በኋላ ተፋችው። ጋሼ ሲሰሙት ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ ትከሻቸው ወደቀ። እኔም ያን አዲስ አበባ ያለ አዳራሽ፣ ያን ባርኔጣ መልሼ አየሁት። በሚቀጥለው ቀን የደራሲው ባለቤት እትዬ ጋ ደውዬ «ተዘጋጅቷል፤ እሳቸው እንደጻፉት ነው» አልኳቸው።

የባህሉ ቀን እሑድ ከሰዓት ነበር። ግንቦት ገብቶ እንኳ በረዶ ይጥላል፤ እዚህ አገር ይኼ አይገርምም። ልጃቸው ሥራ ስለነበረው እትዬን ከስካይቪው ራንች እኔ አመጣኋቸው። የተከራዩት የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ነው። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ እግራቸውን በብርድ ልብስ ሸፈንኩላቸው። ከኋላ ሳምቡሳ ይሸጣል፣ ልጆች በቅርጫት ኳሱ መስመር ላይ ይሯሯጣሉ፣ ሊቀመንበሩ ስፖንሰሮችን እያመሰገነ አልጨርስ አለ። ዲጄው በየመሃሉ ማይኩን ይሞክራል። ሰው ተሰብስቦ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዝም ተብሎ የሚታይ ነገር መኖሩን ይኼ ሕዝብ የት እንደረሳው አላውቅም። አገር ቤት ትኬት ለመግዛት ተሰልፎ የሚውል ሰው ነበር እኮ። እዚህ ሲመጣ ቲያትር ማለት ምግቡ እስኪሞቅ የሚጠበቅበት ሆነ።

ተጀመረ። ልጅቷ ወጣች። «አንቱ ገቡ?» አለች፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። «ይቀመጡ። ደክሞዎታል።» አንድም ግስ አልሳተችም። ጋሼ ሲናገሩ አሮጌዎቹ ሰዎች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ስክሪኑ ላይ ሊቀመንበሩ ያስጻፈው እንግሊዝኛ ከንግግሩ ዘግይቶ ይንከባለላል፣ አንቱውን ሁሉ «ዩ፣ ሰር» ብሎታል። ተውኩት። እኔ የማየው እትዬን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ መድረኩ አዘንብለው ነበር የሚሰሙት።

መጨረሻው ደረሰ። ጋሼ ሊቀመንበሩ በገዛ እጁ በሠራው የእንጨት ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። ልጅቷ ከበሩ ወጣች። ቆመች። አሁን ትተፋዋለች ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ። ልጅቷ ግን ዝቅ አለች። ጽሑፉ ላይ የሌለ ነገር ነው፤ ዝቅ ብላ ትከሻቸውን ነካቻቸው። «አንተ» አለች፣ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቀስ አድርጋ። «ግባ።»

ጨረሰችው። በአንዲት ቃል የሕይወቴን ሥራ ገለበጠችው። ከኋላ የአንድ ሰው ስልክ ጮኸ። ስክሪኑ ዘግይቶ «ዩ፣ ካም ኢን» አለ። ዲጄው ዘፈን ለቀቀ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ወዲያው ወደ ምግቡ ተነሳ። ከአንቱ ወደ አንተ የተሻገረችውን ሴት ማንም አላያትም። ማንም። ሊቀመንበሩ በሁለት እጁ ጨብጦኝ «ዶክተር፣ አሪፍ ነበር» ሲለኝ እጄን ነጥቄ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄድኩ።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

ፊቷ ገና ላብ ነው። «ሶሪ እትዬ። ማድ መሆን፣ መናደድ፣ አቃተኝ።»

«ለምን?»

«አባዬ ከሥራው ሌይኦፍ የሆነ ቀን ጋራዡ ጋ እንደዛ ቁጭ ብሎ ነበር። ቤት አልገባም አለ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ጋሼን ሳያቸው እሱን መሰሉኝ። እኔ እኮ አባዬን አንተ ነው የምለው፤ ስለምወደው ነው አንተ የምለው። ሌላ አንተ አላውቅም።»

የመለስኩላትን አልጽፈውም። ጥሩ ነገር አልነበረም።

እትዬን ወደ ቤታቸው ይዤ እየነዳሁ ነው። ሜቲስ ትሬይል ላይ በረዶው መስታወቱን እየመታ ነው። ቃሌን እንዳጠፍኩ እንዴት ልነግራቸው እንደምችል እያሰብኩ ነበር፤ እሳቸው የጻፉት እንዲህ አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅ ናት ልል። እሳቸው ቀደሙኝ።

«ማን ነገራት?» አሉ።

«ማንን እትዬ?»

«ልጅቷን። እንዲያ ተብሎ እንደሚባል ማን ነገራት?»

«ማንም አልነገራትም። ተሳስታ ነው። መቆጣት ነበረባት።»

«ባሏ ምን አድርገዋት ትቆጣ?» አሉ፣ ገርሟቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው አወሩ። «እሳቸው አስተማሪዬ ነበሩ። አንቱ እያልኳቸው ነው ትዳር የገባሁት። አንተ በዪኝ ይሉኝ ነበር፤ በሰው ፊት ባይሆን ለብቻችን ስንሆን፣ አንድ ጊዜ እንኳ። እኔ እስቃለሁ። ምን ቆርጦኝ እላለሁ። ከመሥሪያ ቤታቸው ያነሷቸው ቀን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ብርድ ነበር። ዛሬ እንኳ አንተ በዪኝ፣ ከዛሬ ወዲያ ማንም አይደለሁም፣ ያንቺ ብቻ ነኝ አሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«አንቱ ይግቡ፣ ይበርድዎታል አልኳቸው።»

የመኪናው ማሞቂያ ይነፋል።

«ገቡ» አሉ እትዬ። «ከዚያ ወዲያ ጠይቀውኝ አያውቁም። ለካ ጽፈውት ነው። አንቱ ብዬ ኖሬ አንቱ ብዬ ቀበርኳቸው።»

ንዴቴን የማደርግበት አጣሁ። መጀመሪያ በእኚያ ደራሲ ተናደድኩ። ሰው አንዲት ቅንፍ ከፍቶ «በቀስታ» ብሎ መጻፍ ምን ይቸግረዋል? ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ፊታቸው ቆሜ ጠይቄያቸው ነበር እኮ፤ «አንቺው ንገሪኝ» ብለው ሳቁብኝ። በተዋናይዋ ተናደድኩ፣ በባለ ባርኔጣውም ተናደድኩ። ንባቤ ስህተት ነው አልልም፤ ቃሏ ሁለቱንም ትሸከማለች፣ ዛሬም ማንም ፊት ቆሜ እከራከርበታለሁ። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ለተማሪዎቼ ስለ ንቀት ሳስተምር አንዳቸው እንኳ እጁን አውጥቶ «ስለምትወደው ቢሆንስ?» አላለኝም። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት በራሱ በአንቱ ነው። ጾሙን ሙሉ የተሟገትኩለት፣ ልጅ ያስጨነቅኩበት ቃል ነው በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሃል ቆሞ የኖረው።

ስካይቪው ራንች ደረስን። መኪናውን ደጃቸው አቆምኩና ላወርዳቸው ቀበቶዬን ፈታሁ። ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ እስቲ፣ አትውረጂ» አሉኝ። «ማንም የለም። ልሞክረው።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸውን ወደ ፊት አደረጉ፣ በረዶ ወደ ሸፈነው መስታወት ሳይሆን ከእሱ ወዲያ ወዳለው በር።

«አን…» አሉ።

ጠበቅኩ። ከንፈራቸው ሲሞክር አየዋለሁ። እኔም ሳላውቀው የእኔን ከንፈር አብሬ ከፍቻለሁ።

«…ቱ» አሉ።